የዴስክቶፔ ፎልደር ላፕቶፔ ላይ አልከፈት አለኝ፤ ምን ላድርግ?

የቤት ልጅ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ዴስክቶፔ ዊንዶውስ 10 ነው፤ በኬብል ራውተሩ ላይ ተሰክቷል። ላፕቶፔ ዊንዶውስ 11 ነው፤ በዋይፋይ ነው የሚሠራው። ኢንተርኔት ሁለቱም ላይ አለ። የቤተሰብ ፎቶ ያለበትን ፎልደር ዴስክቶፑ ላይ ሼር አደረግኩት። ላፕቶፑ ግን ዴስክቶፑን ጭራሽ አያሳየኝም። እናቴ ታማ ተኝታለች። ድሮ የተነሳቻቸውን ፎቶዎች አልጋዋ ላይ ሆና እንድታይ ነው የፈለግኩት። ፍላሽ ይዞ መመላለስ ሰለቸኝ።

ገመዱ፦
እግዜር ይማርልሽ እህቴ። ፋየርዎሉን (ከውጭ የሚመጣን ግንኙነት የሚያግደውን) አጥፊው፣ ኤስኤምቢ 1 የሚባለውንም ክፈቺው። እኔ ጋ በዚህ ነው የሠራው።

ታዛ፦
ኧረ እሱን አትንኪው! ኤስኤምቢ 1 ያረጀ የፋይል መጋሪያ ዘዴ ነው። በፈረንጆቹ 2017 ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ዋናክራይ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር የተዛመተው በእሱ ቀዳዳ ነው። ያንቺ ሁለቱም ዊንዶውሶች አዲሱን ዘዴ ያውቃሉ፤ አሮጌው አያስፈልግሽም። ፋየርዎሉም ይቆይ።

ይልቅ ችግሩ አለመታየት ነው ወይስ አለመግባት? እሱን እንለይ። ዴስክቶፑ ላይ ሴቲንግ ውስጥ ኔትወርክ ገብተሽ የአይፒቪ4 አድራሻውን፣ ማለትም ራውተሩ ለዴስክቶፑ የሰጠውን ቁጥር፣ ያዢ። ከዚያ ላፕቶፑ ላይ የዊንዶውስን ቁልፍና የ R ፊደልን አንድ ላይ ተጫኚ። በሚመጣው ሣጥን ቁጥሩን እንዲህ አድርገሽ ጻፊ፦ \\192.168.1.7። ስምና ፓስወርድ ከጠየቀሽ መንገዱ ክፍት ነው። ቆይቶ ቆይቶ አልተገኘም ካለ፣ ዴስክቶፑ ኔትወርኩን ፐብሊክ ብሎ ይዞት ይሆናል። ያኔ እንደ ካፌ ዋይፋይ ቆጥሮት በሩን ይዘጋል። ወደ ፕራይቬት ቀይሪው። ላፕቶፑም የእንግዳ ዋይፋይ ላይ አለመሆኑን እዪ።

የቤት ልጅ፦
ተባረክ! ፐብሊክ ነበር። ቀየርኩትና አሁን ስምና ፓስወርድ ጠየቀኝ። ዴስክቶፑን የምከፍትበትን ባለ 4 አሃዝ ፒን ብሰጠው ግን ልክ አይደለም ይለኛል።

እማማ ሠፈር፦
ፒን እዚህ አይሠራም እህቴ። ፒኑ እዚያው ዴስክቶፑ ፊት ለተቀመጠ ሰው ነው፤ በኔትወርክ አይሻገርም። ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ጋ ነው። ፎልደሩን ደጋግሞ ሼር ያደርጋል፣ ራውተር ይቀይራል፤ ችግሩ ግን ይሄ ብቻ ነው። የምትገቢው በማይክሮሶፍት አካውንት ከሆነ ስሙ ኢሜይልሽ ነው፣ ፓስወርዱም የአካውንቱ። ጭራሽ ፓስወርድ የሌለው አካውንትም አይሆንም፤ ዊንዶውስ ባዶ ፓስወርድ ይዞ በኔትወርክ የመጣን አያስገባም።

እኔ ብሆን ዴስክቶፑ ላይ ለዚሁ ሥራ ብቻ ሌላ ተጠቃሚ እከፍታለሁ፤ አጭር ስም፣ ደህና ፓስወርድ። ከዚያ ፎልደሩን በቀኝ ክሊክ ለእሱ ሼር ታደርጊለታለሽ። ማንበብ ብቻ ፍቀጂለት። ፎቶዎቹ በስህተት እንዳይጠፉ እሱ ይሻላል። ላፕቶፑ ላይ ስትገቢ ከስሙ በፊት የዴስክቶፑን ስምና \ አስቀድሚ።

የቤት ልጅ፦
ገባልኝ! አሁን እናቴ የእኔን የክርስትና ፎቶ እያየች ነው። ከሰኞ ጀምሮ ዛሬ ነው ቀና ብላ የተቀመጠችው። እግዜር ይስጥልኝ።

ታዛ፦
እሰይ! ምሕረቱን ያውርድላት። አንድ ነገር ልጨምር። መብራት ሄዶ ሲመጣ ራውተሩ ለዴስክቶፑ ሌላ ቁጥር ሊሰጠው ይችላል። ነገ አልከፍት ካለሽ መጀመሪያ ቁጥሩን እዪ። ራውተሩ ውስጥ ገብተሽ ቁጥሩን ለዴስክቶፑ በቋሚነት ማስያዝም ይቻላል።