አሮጌ ካምፐር ቫን ላይ ኤሲ ማስገጠም፦ ከሞተር ወይስ ከጣሪያ?

ሌሊት_ነጂ
ሰላም ለሁላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1986 የተሠራች የመኝታ ቫን አለችኝ። ከፋብሪካ ስትወጣ ኤሲ አልነበራትም። ስነዳ መስኮት ከፍቼ እችለዋለሁ፤ ጭንቁ ማታ ነው። ላሜራው ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲጠጣ ይውልና ስንተኛ እንደ ምጣድ ይጋግረናል። አንድ መካኒክ «ኮምፕረሰር (የኤሲውን ጋዝ የሚጨምቀውን) ከሞተሩ ጋር በቺንጊያ እናስርልሃለን፣ አለቀ» አለኝ። ሌላው ደግሞ ጣሪያ ላይ ይቀመጥ ባይ ነው። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ቺንጊያ
ወንድሜ፣ ጭንቅህ ማታ ከሆነ የመጀመሪያውን እርሳው። በቺንጊያ የሚዞር ኮምፕረሰር ሞተሩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ሞተር አስነስቶ መተኛት ደግሞ አይሞከርም፤ ጭሱ ይገድላል።

ሥራውም ቀላል አይደለም። የኮምፕረሰሩ ማቀፊያ ብረት በልክ ይሠራል። የኤሲውን ሙቀት ወደ ውጭ የሚጥለው ኮንደንሰር ራዲያተሩ ፊት ስለሚቆም ራዲያተሩ የሚያገኘው የሞቀ አየር ነው፤ አሮጌ ሞተር ዳገት ላይ ይህን አይወድም። ከሌላ መኪና የተፈታ ሙሉ ዕቃ ካመጡልህ መጀመሪያ ጋዙን ጠይቅ። አር-12 የሚባለው የድሮ ጋዝ ከሆነ እ.ኤ.አ. በ1987ቱ የሞንትሪያል ስምምነት (የኦዞን ሽፋንን ለመጠበቅ በተደረገው) ምክንያት ከምርት የወጣ ነው። ወደ ተተኪው ጋዝ ወደ አር-134ኤ ለማዞር ዘይቱም፣ እርጥበት የሚይዘው ማድረቂያም፣ የጎማ ማሸጊያዎቹም ይቀየራሉ። ከዚያ ጋዝ ከመሞላቱ በፊት ቧንቧው ውስጥ ያለው አየርና እርጥበት በቫኪዩም ፓምፕ በደንብ ይሳባል። «ዝም ብለህ ሙላው» የሚል ባለሙያ ካጋጠመህ ቁልፍህን ተቀብለህ ሂድ።

አምፔር
እኔ ደግሞ ስለ ባትሪው ላውራ፤ ሰው የሚሸወደው እዚያ ነው።

በ12 ቮልት የሚሠራ የጣሪያ ኤሲ 50 አምፔር ይስባል እንበል። ባለ 200 አምፔር-ሰዓት ሊቲየም ባትሪ ካለህ 4 ሰዓት ይዞህ ይቆያል። ቤቱ ከቀዘቀዘ በኋላ ፍጥነቱን የሚቀንስ ኮምፕረሰር ካለው ትንሽ ይረዝማል። ባትሪው ሊድ አሲድ (የተለመደው የመኪና ባትሪ ዓይነት) ከሆነ ግን ከግማሽ በታች ማውረድ ስለማይመከር ቢበዛ 2 ሰዓት ነው።

ያንን ማን ይሞላዋል? የአሮጌ ቫን ዲናሞ ብዙ ጊዜ ከ65 አምፔር አይበልጥም፤ ሊቲየሙን በቀጥታ ብታስርበት ጠምቶት ይጨርሰዋል። መሃል ላይ 30 አምፔር ብቻ የሚያሳልፍ ቻርጀር ይገባል። ባዶውን ለመሙላት ወደ 7 ሰዓት መንዳት ነው እንግዲህ። ማታ የምታድረው መብራት የሚሰካበት ቦታ ከሆነ ግን ይህ ሁሉ ስሌት ይቀራል።

እና ኤሲ ከመግዛትህ በፊት ግድግዳውንና ጣሪያውን በፎም አልብስ፣ የፊት መስታወቱን ከውጭ ሸፍን። ያልለበሰ ቫን ስንት አምፔር ብታጎርሰው አይጠግብም።

ሌሊት_ነጂ
ተባረኩ። ብዙ ጊዜ የማድረው መብራት ባለበት ነው። ግን ጣሪያዬ ወደ ላይ የሚነሳው ዓይነት ነው። ችግር አለው?

ቺንጊያ
አለው እንጂ! የጣሪያ ኤሲ 30 ኪሎ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ነው። ጣሪያውን የሚያነሱት ክንዶች ለዚያ አልተሠሩም። ቢያነሱት እንኳ ስትነዳ ማጠፊያዎቹ ይፈታሉ።

ላንተ የሚሆነው አልጋ ሥር የሚቀመጠው፣ በመብራት የሚሠራው ነው። ትኩሱን አየርም ውሃውንም በወለሉ በኩል ወደ ታች ይጥላል፤ ስለዚህ ወለሉ ይቆረጣል። መጋዝ ከመነሳቱ በፊት መኪናው ሥር ግባና የነዳጅና የፍሬን ቧንቧ የት የት እንደሚያልፍ በቾክ ምልክት አድርግ። የአልጋውን ሳጥን ቁመትና ስፋትም ለክተህ ጻፍልን፣ የሚገባውን እንፈልግልህ።