ቴሌስኮፔ ጨፈገገብኝ፣ ወፉ ሳይበር ድረሱልኝ!

ጠያቂ፦ ቢሾፍቱ፣ ጨለለቃ ሐይቅ ዳር ነኝ። ቴሌስኮፑ ውስጡ ጉም የገባ ይመስላል። ምስሉ ይርገበገባል፣ ፎከሱን ባዞረውም አይጠራም። ጭቃው ላይ ሊትል ስቲንት ከሚባሉት ትንንሽ የውሃ ዳር ወፎች መሃል ከፍ ያለ፣ ምንቃሩ ጫፉ ላይ ወደ ታች የጎበጠ ወፍ አለ፤ ደንሊን ነው። ፈትቼ ልጥረገው?

መነጽር አዋቂ፦ እንዳትፈታው! ውስጡ የታሸገው ናይትሮጅን ከወጣ በኋላ እርጥበት ያለማቋረጥ ይገባበታል። መጀመሪያ ጉሙ የት እንደሆነ ለይ። የዓይን በኩሉን መስታወት በንጹሕ ጨርቅ ስትነካው ከጠራ የትንፋሽህ እንፋሎት ነው። ውስጥ ከሆነ ቤት ስትገባ እርጥበት ከሚመጠው ሲሊካ ጄል ጋር አየር በማያስገባ ዕቃ ዘግተህ ጥቂት ቀናት አቆየው።

ቆቅ፦ ሩዝ ውስጥ ቅበረው።

መነጽር አዋቂ፦ ሩዝ አይሆንም! ዱቄቱ የፎከሱ ቀለበት ውስጥ ገብቶ ያንቋቋል።

የባቱ ልጅ፦ ስንት ሰዓት ነው? ማጉያው ስንት ላይ ነው?

ጠያቂ፦ 5 ሰዓት ሆኗል። 60 ላይ ነው።

የባቱ ልጅ፦ እንግዲያው ዕቃህ ደህና ነው። የሚርገበገበው ከጭቃው የሚነሣው የሞቀ አየር ነው፤ ስታጎላው እሱንም አብረህ ታጎላለህ። ወደ 20 አውርደው። ከመኪናው ራቅ በል፣ የሞተሩ ሙቀትም ያውካል። ትሪፖዱን ከፍ አድርገህ ከደረቁ ጭቃ ይልቅ በውሃው ላይ አሻግረህ እይ። ደመና ፀሐይዋን ሲሸፍን ለአፍታ ይጠራልሃል፤ ያን ጊዜ ተዘጋጅተህ ጠብቅ። ነገ ከ12:30 እስከ 3 ሰዓት ብትመጣ ይህ ሁሉ አይገጥምህም።

ቆቅ፦ ሲሊካ ጄልም ጥሩ ነው፣ ከአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ ይገኛል።

ረግረግ ወዳድ፦ ደንሊን መሆኑን ማን አረጋገጠ? በእኛ አገር ብርቅ ነው። እሱን የሚመስለው ከርሉው ሳንድፓይፐር ግን ከሳይቤሪያ ሰሜናዊ ጫፍ ተነሥቶ ወደ አፍሪካ ሲወርድ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ላይ ያርፋል። የሁለቱም እግር ጥቁር ስለሆነ በእግር አትለያቸውም። የከርሉው አንገትና እግር ረዘም ይላል፣ ከዓይኑ በላይ ያለው ነጭ መስመርም ጎላ ይላል። ቁርጡን የምታውቀው ከጅራቱ በላይ ባለው ወገቡ ነው፦ የከርሉው ሙሉ በሙሉ ነጭ ነው፣ የደንሊንን ግን መሃሉን ጥቁር መስመር ይከፍለዋል።

ጠያቂ፦ ቆሞ እየበላ ነው፣ አይበርም። ላስነሣው?

ረግረግ ወዳድ፦ በፍጹም! ረጅም መንገድ የመጣ ወፍ ነው፣ ስብ ማጠራቀም አለበት። ላባውን ሲያበጥር ክንፉን ያነሣል፣ ያን ጊዜ ወገቡ ይታይሃል። ጭላት ካለፈም መንጋው ራሱ ይነሣል። ስልክህን ዓይን ማያው ላይ ደግነህ ቪዲዮ እየቀዳህ ቆይ፤ አንዷ ምስል ከጠራች እዚህ ለጥፋት።