ሶፍትነር አስገጥሜም ውሃው ዝገት ዝገት ይላል፤ ትልቁን ልግዛ?

የጓሮ ጉድጓድ

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ረዘም ስለሚል ታገሱኝ።

የምንጠቀመው የራሳችንን የጉድጓድ ውሃ ነው። ጉድጓዱ 62 ሜትር ይጠልቃል። ውሃው ከቧንቧ ሲወርድ ኩልል ያለ ነው። በባልዲ ቀድቼ አንድ ሰዓት ሳቆየው ግን ቢጫ ይላል። ሲያድር ደግሞ ከሥሩ ቡናማ ዝቃጭ ይተኛል። ባኞው ላይ ከቧንቧው ሥር እስከ ማፍሰሻው የዝገት መስመር ወርዷል። የልጆቼ ነጭ ሸሚዞች አንድም ሳይቀር ወይበዋል።

ከ8 ወር በፊት ሶፍትነር (በጨው እየታጠበ የውሃ ጥንካሬ የሚቀንስ ማሽን) አስገጠምኩ። የመጀመሪያዎቹን 3 ወራት ደስ ብሎኝ ነበር፤ ሻወሩ ሳይቀር ጸዳ። ከዚያ ቀስ በቀስ ችግሩ ተመለሰ። ጨው አልጎደለበትም፣ በሰዓቱም ራሱን ያጥባል። ግን ከሶፍትነሩ የሚወጣው ውሃ ከጉድጓዱ የባሰ የሚሆንበት ጠዋት አለ። ከፊቱ ባለ 5 ማይክሮን ካርትሪጅ (ደቃቅ ቆሻሻ የሚያስቀር ማጣሪያ) ጨመርኩ፤ ውሃው ዝም ብሎ አለፈው። የወየቡትን ልብሶች በበረኪና ዘፈዘፍኳቸው፤ ነጠብጣቡ ጭራሽ ደመቀ።

የሸጠልኝ ሰው «ያንስሻል፣ ትልቁን ውሰጂ» ይለኛል። ከመግዛቴ በፊት ውሃውን አስመረመርኩ። ብረት 4.2 ሚሊግራም በሊትር፣ ማንጋኒዝ 0.12፣ የውሃው ጥንካሬ (የሟሟው ካልሲየምና ማግኒዚየም) 210፣ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው) 6.6። ቁጥሮቹ አሉኝ፤ ምን እንደሚሉኝ ግን አላውቅም። ትልቁን ልግዛ?

ነጭ ባልዲ

እህቴ፣ በረኪናውን ዛሬውኑ አቁሚ። በረኪና የሟሟውን ብረት ወደ ዝገት ይቀይረዋል፤ ዝገቱ ደግሞ ጨርቁ ላይ ይጋገራል። እኔም ሁለት አንሶላ አበላሽቼበታለሁ። ሲትሪክ አሲድ በሙቅ ውሃ በጥብጠሽ ዘፍዝፊው፣ ከዚያ በደንብ አለቅልቂው። አንድ ነገር ግን አደራ፦ አሲድና በረኪና በፍጹም እንዳይገናኙ። የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። በረኪና የነካውን ልብስ መጀመሪያ በውሃ ብቻ ደጋግመሽ እጠቢው።

ፊልተር ጠጋኙ

እህቴ፣ ትልቁን አትግዢ። እኔ የውሃ ማጣሪያ መጠገን ከጀመርኩ 19 ዓመት ሆነኝ። እንደ አንቺ ሶፍትነር ላይ ሶፍትነር የጨመሩ ቤቶች ገብቻለሁ። ሁለተኛውም እንደ መጀመሪያው ይሞታል።

መጀመሪያ ብረቱን እንወቀው። ቀድተሽው ኩልል ብሎ፣ ቆይቶ ቢጫ የሚሆነው የሟሟ ብረት ነው። ከመሬት በታች አየር ስለማያገኝ ሟሙቶ ይቆያል። አየር ሲያገኝ ዝገት ይሆናል። ካርትሪጅሽ ያላስቀረው ለዚህ ነው፤ ሲያልፍበት ገና ዝገት አልሆነም። ጨው በውሃ ሟሙቶ በወንፊት እንደማይያዝ ማለት ነው። ከቧንቧው ገና ሲወርድ ቡናማ ቢሆን ኖሮ ካርትሪጁ ይረዳሽ ነበር።

ሶፍትነር የሟሟ ብረትን ይይዛል፤ ያንን አልክድም። ውስጡ ያለችው ሬዚን፣ ማለትም ደቃቅ የፕላስቲክ ፍሬዎች፣ ካልሲየምና ማግኒዚየምን ይዛ ሶዲየም ትለቃለች። ብረትንም እንደዚያው ትይዛለች። ግን ሂሳቡን ተመልከቺ። እኛ ስናስተካክል 1 ሚሊግራም ብረትን እንደ 70 ሚሊግራም ጥንካሬ እንቆጥራለን። ያንቺ 4.2 ሲባዛ ወደ 294 ይመጣል። ከ210 ጋር ሲደመር ከ500 በላይ ነው። ማሽኑ የተስተካከለው በ210 ከሆነ፣ መታጠብ የነበረበትን ግማሽ ያህል ብቻ ነው የታጠበው። ገጣሚው ብረቱን ቆጥሮ እንደሆነ ጠይቂው።

ሁለተኛው ችግር ይብሳል። ሬዚኗ ውስጥ ዝገት የሆነ ብረት በጨው ውሃ አይለቅም። ቀን በቀን ይከማቻል፣ ፍሬዎቹን ይሸፍናል። አንድ ቀን ደግሞ ተገፍቶ ይወጣል። የባሰ ውሃ የምታዪበት ጠዋት ያ ነው። ሬዚኗን አትጣያት። ለዚሁ ተብሎ የሚሸጥ የሬዚን ማጽጃ አለ፤ በሶዲየም ሃይድሮሰልፋይት ወይም በሲትሪክ አሲድ የተሠራ። ጠርሙሱ ላይ እንደተጻፈው አድርጊ፣ ከአንድ ጊዜ በላይ ሊፈልግ ይችላል።

ሥራውን መክፈል ነው የሚያዋጣው። ብረቱን ለብቻው ፊልተር እናስይዘው፣ ሶፍትነሩ ከሱ በኋላ ለጥንካሬው ብቻ ይሥራ። ግን ምን ዓይነት ፊልተር እንደሆነ ከመናገሬ በፊት ሦስት ነገር ንገሪኝ። ፓምፑ በደቂቃ ስንት ሊትር ይሰጣል? በባልዲና በሰዓት ለኪው። የሽንት ቤቱን ፍላሽ ክዳን ከፍተሽ ውስጡን በጣትሽ ዳሺው፤ የሚያንሸራትት ነገር አለ? ፒኤቹስ የተለካው ጉድጓዱ ጋ ነው ወይስ ላብራቶሪ ደርሶ? በመንገድ ውሃው ውስጥ የሟሟው ጋዝ (ካርቦን ዳይኦክሳይድ) ስለሚወጣ ቁጥሩ ከፍ ይላል።

ጸጥ ያለ ፓምፕ

ጋሼ፣ በአክብሮት ልለይ። እኔ ያለ ሌላ ፊልተር በሶፍትነር ብቻ 6 ዓመት ሆነኝ፤ አንድም ነጠብጣብ የለም። የኔ ብረት 1.1 ነው። ሰው ሁሉ ሁለት ማሽን ይግዛ ማለት አይከብድም?

ፊልተር ጠጋኙ

ልክ ነህ ወንድሜ። በ1.1 ላይ፣ ውሃው ኩልል ካለና ሬዚኗን በየጊዜው ካጸዳህ ሶፍትነሩ ይበቃሃል። እኔም ላንተ ሌላ አልሸጥልህም። 2 ሲያልፍ መጠንቀቅ እጀምራለሁ። 4 ላይ ግን የማሽን ካታሎግ «እስከዚህ ይችላል» ቢልም ዕድሜውን አላምነውም። የእህታችን ማሽን በደንብ የሠራው 3 ወር ብቻ ነው።

የጓሮ ጉድጓድ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማሽኑ በ210 ነው የተስተካከለው። ብረቱን ማንም አልቆጠረውም። ያንን ሳነብ ተናደድኩ፣ ግን ቢያንስ ምክንያቱን አወቅኩ።

ባለ 20 ሊትር ባልዲ በ1 ደቂቃ ከ25 ሰከንድ ሞላ። በደቂቃ 14 ሊትር ገደማ ማለት ነው። ፍላሹን ከፈትኩት። ግድግዳው ላይ ቡናማ፣ እንደ ጄሊ የሚያንሸራትት ነገር አለ፤ የረግረግ ሽታም ሸተተኝ። ፒኤቹን ጉድጓዱ አፍ ላይ በወረቀት ለካሁት፣ 6.5 አካባቢ ነው።

ሌላም ነገር አስታወስኩ። ቆሞ ያደረው ውሃ ላይ ዘይት የመሰለ ባለ ብዙ ቀለም ሽፋን አያለሁ። ነዳጅ ገብቶ ይሆን ብዬ ሌሊት እንቅልፍ አጥቻለሁ፤ ልጆቼ ናቸው የሚታጠቡበት።

ፊልተር ጠጋኙ

መጀመሪያ ስለ ሽፋኑ። በስንጥር ንኪው። እንደ በረዶ ቅርፊት ተሰባብሮ ከቀረ የብረት ባክቴሪያ ነው። ተመልሶ ከተገጣጠመ ነው ዘይት የሚሆነው። ከጄሊው ጋር ሳየው ባክቴሪያ ይመስለኛል። እነዚህ ባክቴሪያዎች በሽታ በማምጣት አይታወቁም፤ ብረት እየተመገቡ ቧንቧና ፊልተር ነው የሚደፍኑት። ብረቱም ቢሆን፣ የዓለም ጤና ድርጅት በጤና ምክንያት ያስቀመጠለት ገደብ የለም። 0.3 የሚባለው ቁጥር ከዚያ በላይ ልብስና ዕቃ ማቆሸሽ ስለሚጀምር ነው። ነገር ግን ጉድጓድ ስለሆነ የጀርም ምርመራ ለብቻው አስደርጊ። ብረት መኖሩም አለመኖሩም ስለዚያ አይነግርሽም።

እንግዲህ ጉድጓዱን በክሎሪን እጠቢው። ሽቶ ያልተጨመረበት ተራ በረኪና ይበቃል። ፓይፑ 15 ሴንቲ ሜትር ስፋት ካለውና ውሃው 30 ሜትር ከቆመ፣ ውስጡ 530 ሊትር ገደማ አለ። ባለ 5 በመቶ በረኪና 1 ሊትር ስትጨምሪ ወደ 100 ሚሊግራም በሊትር ይደርሳል። መጀመሪያ ሶፍትነሩን በባይፓስ (ውሃው ማሽኑን ሳይነካ እንዲያልፍ በሚያደርገው ቫልቭ) ዝጊው፤ ክሎሪን ሬዚን ይበላል። ሽታው በየቧንቧው እስኪደርስ ክፈቺና ዝጊ፣ ከዚያ አሳድሪው። በማግሥቱ በጎማ ወደ ውጭ አፍስሺው፣ ወደ ሴፕቲክ ታንክ እንዳይሄድ። ባክቴሪያው ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ሲመለስ ትደግሚዋለሽ።

አሁን ወደ ፊልተሩ። ያንቺ ውሃ ላይ ሁለት እንቅፋት አለ። አንደኛው ፒኤቹ ነው። ብረት በአየር የሚዝገው ከ7 በላይ ሲሆን በፍጥነት ነው፤ 6.5 ላይ ይንቀረፈፋል። ፊልተር ውስጥ ከሚገቡት አሸዋ መሰል ማዕድኖችም አንዳንዶቹ ቢያንስ 6.8 ይፈልጋሉ። ሁለተኛው ፓምፑ ነው። የብረት ፊልተር የያዘውን ዝገት የሚያራግፈው በባክዋሽ ነው፤ ውሃ ከሥር ወደ ላይ በኃይል እየገፋ። 25 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ታንክ በደቂቃ ከ20 ሊትር በላይ ይጠይቃል። ያንቺ 14 ነው። ገዝተሽ ብታስገቢው አሸዋው ሳይነሳ ይቀርና በወራት ውስጥ ይጋገራል። ሰው «ፊልተሩ አይረባም» ብሎ የሚጥለው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ነው፤ ባልዲ ይዞ ፓምፑን የለካ የለም።

እኔ ብሆን እንዲህ አደርጋለሁ። የጉድጓዱ ፓምፕ ታንከር ይሙላ፤ ውሃው ግን ከላይ በሻወር ዓይነት ተረጭቶ ይግባ። ሲረጭ ጋዙ ይወጣል፣ ፒኤቹ ከፍ ይላል፣ አየር ይገባል። ለ1 ሚሊግራም ብረት 0.14 ሚሊግራም ኦክስጅን ይበቃል፤ የሚጎድለው አየር ሳይሆን ጊዜ ነው፣ ጊዜውን ታንከሩ ይሰጣል። ዝገቱ እዚያው ይዘቅጣል። የቤቱን መውጫ ከወለሉ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጊው፣ ከሥር ደግሞ ዝቃጭ ማፍሰሻ ቫልቭ ይኑር። ታንከሩ መተንፈሻ ያስፈልገዋል፤ ትንኝ እንዳይገባ በደቃቅ ወንፊት ሸፍኝው። ከታንከሩ በኋላ በደቂቃ 30 ሊትር የሚሰጥ ሁለተኛ ፓምፕ፣ ከዚያ የብረት ፊልተር፣ ከዚያ ሶፍትነርሽ። ባክዋሹ ኃይሉን የሚያገኘው ከሁለተኛው ፓምፕ ነው።

ነጭ ባልዲ

ፖታሲየም ፐርማንጋኔት የሚጠይቅ ፊልተር ከመረጥሽ ዱቄቱን ልጆች በማይደርሱበት ቆልፊበት። ቆዳ ያቃጥላል፣ የነካውንም ሁሉ ወይን ጠጅ ያደርጋል።

የጓሮ ጉድጓድ

ከ4 ወር በኋላ ተመለስኩ። የሆነውን ልንገራችሁ ብዬ ነው።

ሽፋኑን በስንጥር ነካሁት፣ ተሰባበረ። ያን ሌሊት ተኛሁ። የጀርም ምርመራውም ንጹህ ሆነ። ጉድጓዱን በክሎሪን አጠብን፤ በማግሥቱ የወጣው ውሃ እንደ ጭቃ ነበር፣ ለ3 ሰዓት አልጠራም። ታንከሩ ላይ መርጫውን የሠራልኝ የቧንቧ ሠራተኛ መጀመሪያ ጥቅሙ አልገባውም ነበር። በሳምንቱ የሥሩን ቫልቭ ስንከፍት የወጣውን ዝቃጭ አይቶ ዝም አለ።

ታንከሩ ውስጥ ፒኤቹ 7.2 ሆኗል። ከፊልተሩ በኋላ ብረቱ 0.1 ነው። ባክዋሹ በ3 ቀን አንዴ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የሸክላ ቀለም አላቸው፣ ከዚያ ይጠራል። እስኪጠራ ቆሜ አያለሁ። ሬዚኗን ሁለት ጊዜ አጸዳናት፣ ሶፍትነሩ በ210 ላይ በትክክል እየሠራ ነው። ከሸሚዞቹ አራቱ በሲትሪክ አሲድ ነጡ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ፍላሹ ውስጥ አሁን ጥቁር ጥላሸት የመሰለ ነገር ይቀመጣል። አስመረመርኩት፤ ማንጋኒዙ 0.10 ላይ ነው፣ ምንም ያህል አልቀነሰም።

ፊልተር ጠጋኙ

ደስ ብሎኛል እህቴ። ማንጋኒዝ ከብረት ይልቅ ግትር ነው፣ በፒኤች 7.2 ላይ አየር ብቻውን ወደ ዝቃጭ አይቀይረውም። ልጆች ስላሉሽ ደግሞ አትተዪው፤ ማንጋኒዝ እንደ ብረት አይደለም፣ የዓለም ጤና ድርጅት ጊዜያዊ ገደቡን 0.08 አድርጎታል። ከፊልተሩ በፊት ትንሽ ክሎሪን በልክ ጠብ በሚያደርግ ፓምፕ ማስገባት ያስፈልጋል። ግን ክሎሪን የሚጎዳቸው ማዕድኖች አሉ። ፊልተሩ ውስጥ የገባው ምን እንደሆነ ከረጢቱን ፈልጊ።

የጓሮ ጉድጓድ

ከረጢቱ ተገኘ። በማንጋኒዝ ኦክሳይድ የተለበጠ ነው፣ ክሎሪን ይስማማዋል ይላል።

ፊልተር ጠጋኙ

እንግዲያው ጀምሪ፣ ግን በጥቂቱ። ከፊልተሩ በኋላ በመለኪያ ወረቀት ለኪ፤ ክሎሪን ትንሽ መታየት አለበት። ከበዛ ግን ቀጥሎ ያለው ሶፍትነርሽ ነው የሚጎዳው፣ መጠኑን ቀንሺ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ማንጋኒዙን እንደገና አስመርምሪና ቁጥሩን እዚህ ጻፊልኝ።