ማስቲሽ አጠገብ የምትተኛው ድመቴ ሱስ ይዟት ይሆን?

ጫማ ሰፊው (መርካቶ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። መርካቶ ውስጥ ትንሽ የጫማ መሥሪያ አለኝ። አይጥ ታባርርልኛለች ብዬ ያስገባኋት ግራጫ ድመት የምትተኛው ሶል የምናሞቅበት ምድጃ ሥር፣ ከማስቲሹ ቆርቆሮ አጠገብ ነው። ከሰዓት በኋላ ስትነሣ የኋላ እግሮቿ ይከዷታል፤ ስጠራት ዞር አትልም። ጠዋት በሩን ስከፍት ደግሞ ቀድማኝ ገብታ እዚያው ጥቅልል ትላለች። እንስሳ በማስቲሽ ሱስ ይያዛል?

የምጠይቀው ለድመቷ ብቻ አይደለም። በራችን ላይ በሃይላንድ ይዘው የሚስቡ ልጆች አሉ። ቁርስ አብልቼ «ተዉ» ብዬ ለምኛቸዋለሁ። አሁን አሁን ግን ሲመጡ ጠረጴዛ እየደበደብኩ፣ እየጮኽኩ አባርራቸዋለሁ። «ጓደኛ ነው ያበላሻችሁ» እላቸው ነበር። ድመቷን ሳይ ግራ ገባኝ፤ እሷን የትኛው ጓደኛ አበላሻት?

የእንስሳት ሐኪም፦
ጋሼ፣ ዛሬውኑ ከዚያ ቤት ያውጧት። የማስቲሽና የቲነር ትነት ከአየር ስለሚከብድ ወለሉ ላይ ይተኛል። እርስዎ ቆመው ከሚስቡት እሷ ተኝታ የምትስበው ይበዛል። ጸጉሯ ላይ የነካትንም ትልሰዋለች፤ የድመት ጉበት ደግሞ ብዙ ኬሚካል ማስወገድ ይከብደዋል። ንጹሕ አየር አግኝታም መንገዳገዷ ካልቀረ ሐኪም ይያት፣ የጆሮ በሽታም እንዲህ ያደርጋል። ክፍት ማስቲሽ ከምድጃ አጠገብ ማስቀመጥም ቤቱን ያቃጥላል።

የፒያሳ ልጅ (ቨርጂኒያ)፦
ጋሼ፣ እኔ አሜሪካ በአንድ የመድኃኒት ምርምር ቤተ ሙከራ አይጦችን ስከታተል 6 ዓመቴ ነው። ያደግኩት ፒያሳ ስለሆነ፣ ሃይላንዱን በእጅጌው ሸፍኖ የሚስብ ልጅ ሳላይ ትምህርት ቤት የሄድኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

ማስቲሽ ውስጥ አእምሮን የሚነካው በአብዛኛው ቶሉዊን የተባለ፣ ቶሎ የሚተን ፈሳሽ ነው። አይጥ ትንሽ ስትስብ ትቅበጠበጣለች፣ ትሮጣለች፤ ሲበዛባት ትንገዳገዳለች፣ ከዚያ ፈዝዛ ትተኛለች። አልኮልም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 ሮበርት ባልስተርና ባልደረቦቹ፣ አልኮል ሲወጉ አንዱን ማንሻ፣ ሳይወጉ ሌላውን እንዲጫኑ አይጦችን አሠለጠኑ። ቶሉዊን የሳቡት የአልኮሉን ማንሻ ተጫኑ። ለአይጧ ስሜቱ ተመሳስሎባታል ማለት ነው።

ሱሱን በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. በ1970 ያናጊታ የተባሉ ጃፓናዊ ተመራማሪ ያሳዩት አለ። ጦጣዎች ማንሻ በተጫኑ ቁጥር ትነት በአፍንጫቸው ይገባላቸዋል። ማንም ሳያስገድዳቸው ኤተር፣ ክሎሮፎርምና ቲነር እየተጫኑ ሳቡ። አይጥም ሁለት ክፍል ባለው ሳጥን ውስጥ ቶሉዊን የሳበችበትን ክፍል፣ ትነቱ ከወጣ በኋላ እንኳ መርጣ ትገባለች። በዝንጀሮ አእምሮ ላይ በተነሣ ምስል ደግሞ ቶሉዊን በደቂቃዎች ውስጥ ከፍተኛ መጠኑ ላይ ደርሶ ቶሎ ይወጣል። ልጆቹ ሃይላንዱን ከአፋቸው የማያርቁት ለዚህ ይመስለኛል። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ደንብ ለ8 ሰዓት በአማካይ የሚፈቅደው ቶሉዊን ከሚሊዮን የአየር ክፍል 200 ነው፤ የእነሱ በሺዎች ይቆጠራል።

እና ጋሼ፣ ጦጣም ጓደኛ አላበላሻትም።

የድመቷን ለማወቅ ቆርቆሮውን ዘግተው ያውጡ፣ ቤቱን በደንብ ያናፍሱ፣ ምድጃውን ወደ ሌላ ጥግ ይውሰዱት። ምድጃውን ከተከተለች የሳባት ሙቀቱ ነው። ቀዝቃዛው አሮጌ ቦታዋ ከተመለሰች እኔም እጠረጥራለሁ።

አንድ ነገር ግን እለምንዎታለሁ፤ ልጆቹን አያስደንግጧቸው። ሚላርድ ባስ የተባሉ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1970 አሜሪካ ውስጥ እየሳቡ በድንገት የሞቱ 110 ወጣቶችን መዝግበዋል። አንዳንዶቹ ስበው ወዲያው ሲሮጡ ነው የወደቁት። ከማስቲሽ ይልቅ የስፕሬይ ጋዝና ሌሎች ፈሳሾች ቢበዙበትም፣ መንገዱ አንድ ነው፦ ትነቱ ልብን፣ ስንደነግጥ ወይም ስንሮጥ ሰውነት ለሚረጨው አድሬናሊን ስስ ያደርገዋል፣ ድንጋጤ ወይም ሩጫ ሲጨመርበት ምቱ ይዛባል። በውሻ ላይ ተሞክሮ ታይቷል።

ያለፈበት፦
ሰው ለደስታ የምንስብ ይመስለዋል። እኔ የሳብኩት ብርዱንና ረሃቡን ለማለፍ ነው። ከተውኩ 9 ዓመቴ ነው፤ ዛሬም ጫማ ቤት ስገባ ሽታው እግሬን ይይዘዋል። ስለ አይጧ ክፍል የተጻፈውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

ጫማ ሰፊው (መርካቶ)፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ድመቷ አራት ቀን ቤቴ ቆይታ መንገዳገዷ ቀረ። ምድጃውን አዙሬ፣ ማስቲሹን አውጥቼ፣ ቤቱን አናፍሼ መለስኳት፤ ምድጃውን ተከትላ ሄደች። ሙቀት ነው የፈለገችው። አሁን ማስቲሽ የምንቀባው ጓሮ ነው።

ስለ ልብ የጻፍሽውን ካነበብኩ ወዲህ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ስንት ጊዜ እየጮኽኩ አስሩጫቸዋለሁ! ትናንት ሁለቱ ሲመጡ ከወንበሬ ሳልነሣ ቀስ ብዬ «ሻይ አለ» አልኳቸው። ትልቁ ሄደ፣ ትንሹ ጠጣ።

በውሃ የተሠራ፣ ቶሉዊን የሌለው ማስቲሽ የት እንደሚሸጥ የምታውቁ ጻፉልኝ። ቆዳና ጎማ ይዞ ይቆይ እንደሆነም።