«የአርባ ቀን እድሏ» ስለ ሴት ሲነገር ሰማንያ አይሆንም ወይ?

ሰም ለበስ፦
አንድ ዐረፍተ ነገር ላይ ተያዝኩ። «ምን ታድርግ፣ የአርባ ቀን እድሏ ሆኖ ነው» ይላል። የሚወራው ስለ ሴት ነው። አርባው የክርስትና ቀን ከሆነ ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ነው የሚጠመቁት። ታዲያ ለምን «የሰማንያ ቀን እድሏ» አልተባለም?

ጉልላት፦
«የሰማንያ» ብትል ሰው ጋብቻ ይመስለዋል 😄 ለነገሩ ቁልፉ ቁጥሩ ሳይሆን «ዕድል» ነው። ከ«አድልዎ» ጋር አንድ የቃል ዘር ነው። እግዚአብሔር ለአንዱ አዳልቶ ሌላውን ነፈገ ማለት ስለሆነ አባባሉ ራሱ ክሕደት አለበት።

የግስ ደጅ፦
ኧረ በሕግ! አድልዎ ከ«ደለወ» ነው፣ መዘነ። መዳልው ሚዛን፣ አድልዎ የሚዛን ማጋደል። በየቅዳሴው «ርቱዕ ይደሉ» እያልክ ዘሩን አታውቀውም? ዕድል ግን ከማደል ነው፣ ከማከፋፈል። «ታደልክ» ስንል ደረሰህ ማለታችን ነው እንጂ ተፈረደብህ ማለታችን አይደለም። መዝሙር 15፥5ን እይ (በአማርኛው መዝሙር 16)፦ ግእዙ «መክፈልተ ርስትየ ወጽዋዕየ» ያለውን አማርኛው «የርስቴ ዕድል ፈንታና ጽዋዬ» ብሎታል። መክፈልት ድርሻ ነው። የደረሰህን መሬት ልታርሰውም ጦም ልታሳድረውም ትችላለህ።

ቤርያዊ፦
መሪጌታ፣ ድርሻ በሚለው ተስማምተናል። ሮሜ 8፥29 ላይ «አስቀድሞ ደግሞ ወስኖአልና» የሚለውንስ ምን ያደርጉታል? እዚያ ማከፋፈል የለም።

የግስ ደጅ፦
«ወሰነ» ከወሰን ነው፣ ከድንበር። የግሪኩ «ፕሮኦሪዞ»ም እንደዚያው፣ «ሆሮስ» ድንበር ነው። የዛሬ ሰው ጆሮ ግን «ወሰነ» ሲባል ዳኛና ካቢኔ ይታየዋል፤ ስሕተቱ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ድንበሩ የተተከለው ለምን እንደሆነ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል፦ «የልጁን መልክ እንዲመስሉ»። እነ እገሌ ይጥፉ የሚል የለበትም። ደግሞም «ያወቃቸው» ይቀድማል፤ ማወቅ ማስገደድ አይደለም። ሲራክ 15፥16 እሳትና ውኃ ቀርቦልሃል፣ እጅህን ወደፈለግኸው ዘርጋ ይላል።

ቤርያዊ፦
ሲራክ ከእኛ ከፕሮቴስታንቶች 66 መጻሕፍት ውጭ ነው፤ ዘዳግም 30፥19ን ቢያነሡ ለሁለታችንም ይሆናል። «አወቀ»ን ግን በጣም አቀለሉት። ዘፍጥረት 4፥1 አዳም ሔዋንን «አወቀ» ሲል ወሬዋን ሰማ ማለት ነው? ተሳቢውንም ይዩት፦ «ያወቃቸው» ይላል፣ ሰዎቹን። «እንደሚያምኑ ያወቀላቸው» አይልም። በ1610 የሆላንዱ የነገረ መለኮት ሊቅ የአርሚንዮስ ተከታዮች ምርጫው አስቀድሞ በታየ እምነት ነው ብለው አምስት አንቀጽ ሲያቀርቡ፣ የዶርት የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ በ1618–19 (ሁሉም እ.ኤ.አ.) የመለሰላቸው እምነት የምርጫ ፍሬ እንጂ መነሻው አይደለም ብሎ ነው።

የግስ ደጅ፦
የዶርትን ጣጣ ለሆላንዶች ተውላቸው። እኛ ከዚያ በፊት «ግዕዛን» የሚል ቃል አለን፣ ነጻነት። በግእዙ የገብር (የባሪያ) ተቃራኒ አግዓዚ (ነጻ ሰው) ነው።

ጉልላት፦
ታዲያ ድንጋይን «ግዑዝ» የምንለው ነጻ ፈቃድ ስላለው ነው? 😂

የግስ ደጅ፦
አማርኛ ገልብጦት ነው። ቅኔ ቤት ደጅ ያልጠና ሰው በዘር አይሳለቅም።

ጉልላት፦
ግዑዝ ሆኜ ዝም ብያለሁ።

የሐይቅ ልጅ፦
ወደ አርባው እንመለስ እንጂ። አባባሉን ሙስሊሙም ይናገረዋል። በታወቀው ሐዲስ ጽንስ ማኅፀን ውስጥ 40፣ 40፣ 40 ቀን ሲሞላው መልአክ መጥቶ አራት ነገር ይጽፋል፦ ሲሳዩን፣ ዕድሜውን፣ ሥራውን፣ መጨረሻው ደግ ወይም ክፉ መሆኑን። ቆጠራው የማኅፀን ከሆነ ወንድና ሴት አይለይም፤ የሰም ለበስም ጥያቄ ይፈታል።

የግስ ደጅ፦
40 በሦስት 120 ነው፤ «የመቶ ሃያ ቀን ዕድል» ያለ ሰው ሰምተሃል? አርባው ከመጽሐፈ ኩፋሌ ምዕራፍ 3 ነው። አዳም በ40፣ ሔዋን በ80 ቀን ገነት ገቡ። የዘሌዋውያን 12ም የወላድ መንጻት ቀን ስሌት ከዚያው ጋር ይገጥማል፦ ለወንድ 7 እና 33፣ ለሴት 14 እና 66።

የሐይቅ ልጅ፦
ኩፋሌ ከሆነማ ለሴቷ 80 ይሁንላት፤ እኮ ጥያቄው እሱ ነው!

ቤርያዊ፦
«ተሳቢው ሰዎቹ ናቸው» ላልኩት መልስ አልተሰጠኝም።

ሰም ለበስ፦
እና «የአርባ ቀን እድሏ» ብዬ ልተወው ወይስ ልቀይረው? ነገ ማስረከብ አለብኝ።

የግስ ደጅ፦
መጀመሪያ በዐይኑ ዕ ጻፈው።