የመምህር የሕይወት ታሪክ ለአርባ ቀን መጽሔት እንዴት ይዘጋጅ?

የማርቆስ ልጅ፦
ሰላም ወገኖች። ደብረ ማርቆስና ቢቸና አካባቢ 38 ዓመት ያስተማሩ አጎታችን አርፈዋል። ቀብራቸው ላይ የተነበበው የሕይወት ታሪክ በጥድፊያ የተጻፈ ስለነበር ለአርባቸው ትንሽ መጽሔት ልናሳትም ተስማምተናል። ሦስት ሳምንት ቀርቶናል። በእጃችን ያለው አንድ ካርቶን ወረቀትና የዘመድ አፍ ነው፤ ዓመተ ምሕረቶቹም እርስ በርስ ይጋጫሉ። ከየት እንጀምር? ስለ ቤተሰባቸውስ ምን ያህል ይጻፍ? መጻሕፍታቸውን ለትምህርት ቤት መስጠትም እንፈልጋለን።

ባለ መዝገቡ፦
ነፍስ ይማር። መጻፉን አሁኑኑ አትጀምሩ። መጀመሪያ ካርቶኑን ወለል ላይ ዘርግፋችሁ በዓመት ደርድሩት። አንድ ወረቀት ላይ አራት ዓምድ አስምሩ፦ ዓመት፣ ቦታ፣ ሥራ፣ ማስረጃ። ማስረጃው ባዶ የሆነበት መስመር የዘመድ ወሬ ነው ማለት ነው፤ መጽሔቱ ላይ «ገደማ» ብላችሁ ጻፉት ወይም ተዉት።

ዓመተ ምሕረቱ የሚጋጨው አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ምክንያት ነው። የቅጥርና የዝውውር ደብዳቤ በእኛ አቆጣጠር ይጻፋል፣ የድሮ ዲፕሎማና ሰርተፊኬት ደግሞ በፈረንጅ። ሐምሌ 1967 እ.ኤ.አ. የሚል ዲፕሎማ የ1959 ነው። እንዳለ ከገለበጣችሁት ሰውዬው ማስተማር ከጀመሩ ስምንት ዓመት ቆይተው ሊመረቁ ነው፤ ያውም ተማሪና መምህር ወደ ገጠር የዘመቱበት የዕድገት በኅብረት ዘመቻ በተጀመረበት ዓመት! ከፈረንጁ ላይ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ይቀነሳል። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሁሉ ግን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው ማለት አይደለም። ወረቀቱን ከሱ በፊትና በኋላ ከተጻፉት ወረቀቶች ጋር አስተያዩት።

ዘመቻ ካነሳን፣ ሁለቱን አታደባልቁ። የዕድገት በኅብረት ታኅሣሥ 1967 ተጀመረ። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ደግሞ ከሐምሌ 1971 ወዲህ ነው። ዘመድ «ዘመቻ ሄደው» ሲላችሁ የትኛው ብላችሁ ጠይቁ።

የተቋምና የአስተዳደር ስም በዘመኑ ስም ይጻፍ። በ1935 የተወለደ ሰው «በምሥራቅ ጎጃም ዞን» አልተወለደም፤ ያኔ ጎጃም ጠቅላይ ግዛት ነው፣ ከሥሩ ቢቸና አውራጃ። ከ1992 በፊት «ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ» የሚባል አልነበረም፤ የመምህራን ትምህርቱ አካዳሚና ኮሌጅ፣ ቴክኒኩም ኢንስቲትዩት ለየብቻቸው ነበሩ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ከ1967 በፊት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ነበር። የዛሬ ስም ማስገባት ከፈለጋችሁ «የአሁኑ» የምትለዋን ጨምሩ።

የግል ማኅደራቸው ያለው መጨረሻ ከሠሩበት ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ነው። ባለቤታቸው ለጡረታ ጉዳይ የአገልግሎት ማስረጃ የሚያወጡ ከሆነ፣ በዚያው አንድ ኮፒ አውጡ። የልደት ዘመኑ ግን ቤተሰብ ከሚያውቀው ሊለይ ይችላል፤ ድሮ ሲቀጠሩ በግምት የሚሞላ ነበር። «ጣሊያን በወጣ በሁለተኛው ዓመት» የሚል አዛውንት ካለ 1935 ማለቱ ነው፤ ከፋይሉ ይልቅ እሱን እመኑ።

እማማ ጥሩዬ፦
እግዚአብሔር ያጽናችሁ። የቤተሰቡን ክፍል በተመለከተ፦ «ሩኅሩኅ፣ ታታሪ፣ አርአያ አባት» የሚለውን ሰርዙት፤ በየቀብሩ ስለሚነበብ ማንም አይሰማውም። በምትኩ ያደረጉትን ጻፉ። ለዚህ ደግሞ ጥያቄያችሁ ጠባብ ይሁን። «ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?» ካላችሁ «ደግ ነበሩ» ተብሎ ያልቃል። ደመወዝ የተቀበሉ ዕለት መጀመሪያ ምን ይገዙ ነበር? ደብተር የሚያርሙት የት ቁጭ ብለው ነው? ልጅ ሲወድቅ ምን ይሉ ነበር? ከገጠር መጥቶ እሳቸው ቤት ያደረ ተማሪ ማን ነው፣ ስንቁ ሲያልቅበትስ ማን ያበላው ነበር? የገጠር ልጅ የማያድርበት የጎጃም መምህር ቤት ብርቅ ስለሆነ ይቺ የመጨረሻዋ ጥያቄ ሙሉ ገጽ ትወጣላታለች። ቅዳሜ እንጀራና ድርቆሽ ይዞ ከገጠር የሚመጣ፣ ሐሙስ ላይ ባዶ እጁን የሚቀር ልጅ።

መጀመሪያ ባለቤታቸውን ጠይቁ፣ ለብቻቸው። ልጆች ካሉበት እናት ዝም ትላለች። በስልክ ቅዱ፣ ግን ከ40 ደቂቃ አታስበልጡ፤ ሐዘንተኛ ይደክማል።

የማርቆስ ልጅ፦
እናመሰግናለን። ከመጀመሪያ ትዳራቸው የተወለደች ልጅ አለች፤ ትጻፍ አትጻፍ በሚል ጭቅጭቅ አለ።

እማማ ጥሩዬ፦
ትጻፍ። ልጆች በልደት ቅደም ተከተል በአንድ ዝርዝር ይግቡ፣ የዚህ እናት የዚያ እናት ሳይባል። ወራሽነት ሲጣራ ስሟ መምጣቱ አይቀርም፤ መጽሔቱ ላይ ብትዘለል ቂሙ ነው የሚተርፋችሁ። የክርስትና ስማቸውንም ከነአጻጻፉ ከንስሐ አባታቸው አረጋግጡ።

ዘ ማተሚያ፦
ኅትመቱን ልጨምር። ተሰፍቶ የሚታጠፍ መጽሔት ገጹ በ4 መካፈል አለበት፦ 12፣ 16፣ 20። 14 ገጽ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ሁለቱ ባዶ ይቀራሉ። አራት የኤ4 ወረቀት ሲታጠፍ 16 ገጽ ነው፣ ለእናንተ ይበቃል። ፊደሉ 12 ነጥብ፣ ለአዛውንት ደግሞ 13።

የሚያበላሸው ፊደል ነው። አንዱ ዘመድ በድሮው ፓወር ግዕዝ (የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም) ጽፎ ሌላው ዛሬ ስልክና ኮምፒውተር በሚጠቀሙበት ዩኒኮድ ከጻፈ፣ ሲጣበቅ ግማሹ ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆናል። ከመጀመሪያው ሁሉም በዩኒኮድ ይጻፍ (የፊደል ዓይነቱ ኒያላ ወይም አቢሲኒካ)። ለማተሚያ ቤት የወርድ ፋይል አትስጡ፣ ፒዲኤፍ ብቻ።

ፎቶ በስልክ ስታነሡ ከመስታወት ክፈፉ አውጡት፤ ብልጭታ አጥፍታችሁ መስኮት አጠገብ። በቴሌግራም ስትላላኩ እንደ ፋይል ላኩ፤ እንደ ፎቶ ከሄደ ይጨመቅና ሲታተም ይደበዝዛል። ከፎቶው ሥር የሰዎቹ ስም ከግራ ወደ ቀኝ ይጻፍ። የመጀመሪያ ናሙና ወረቀት ላይ አስወጡና ካላነበበው አንድ ሰው ጋር አርሙት። ለማተሚያ ቤቱ ቢያንስ አንድ ሳምንት ተዉለት።

ባለ መዝገቡ፦
መጻሕፍቱን ረስተናል። ዝርዝር አዘጋጁ፦ ርእስ፣ ደራሲ፣ ብዛት። በሦስት ኮፒ። በደብዳቤ ለርእሰ መምህሩ አቅርቡና ንብረቱ በሞዴል 19 (የንብረት ገቢ ደረሰኝ) ገቢ ሲደረግ ደረሰኙን ተቀበሉ። ሞዴል ያልተቆረጠለት መጽሐፍ የማንም አይደለም፤ ርእሰ መምህር ሲቀየር አብሮ ይጠፋል። አሁን በሥራ ላይ የሌለ የመማሪያ መጽሐፍ ትምህርት ቤቱ ላይቀበል ይችላል፣ እሱን አስቀድማችሁ ለዩ። የእጅ ጽሑፍ፣ የትምህርት ዕቅድና የውጤት መዝገብ ግን አትስጡ፤ ቤት ይቆይ፣ አንድ ሁለት ገጹን ፎቶ አንሥታችሁ መጽሔቱ ውስጥ አስገቡት።