ለ60 ሰው ስንት ኪሎ ኬክ ልዘዝ?

የአንድ ዓመቱ እናት፦
ሰላም ቤተሰብ፣ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ፣ ነገ ቀብድ ልከፍል ነው። ልጄ ቅዳሜ ኅዳር 20 አንድ ዓመት ይሞላዋል። የምናከብረው ቤታችን ነው፣ ሰሚት ኮንዶሚኒየም፣ 4ኛ ፎቅ። የጠራሁት 60 ሰው ነው፤ 35 አዋቂ፣ 25 ልጅ። ከልጆቹ 5ቱ ገና የሚድሁ ናቸው። ኬክ ቤት ስደውል «ለ60 ሰው ከ6 ኪሎ በታች እንዳታስቢ» አሉኝ። እናቴ «3 ኪሎ ይበቃል፣ እኔ ድፎ እደፋለሁ» ትላለች። ባለቤቴ ደግሞ «ማን ኬክ ይበላል፣ ለፎቶ 2 ኪሎ በቂ ነው» ባይ ነው። ለክርስትናው 5 ኪሎ አዝዤ ግማሹ ተርፎ ሳምንቱን ሙሉ ቁርሳችን ኬክ ነበር። የእህቴ ልጅ ልደት ላይ ደግሞ ኬኩ አልቆ ያልደረሳቸው ልጆች ሲያለቅሱ አይቻለሁ። እና ግራ ገባኝ። የማንን ልስማ?

የሦስት ልጆች እናት፦
እንኳን አደረሳችሁ የኔ ቆንጆ! እኔ የምጠቀምበት ስሌት ቀላል ነው። አንድ ኪሎ ለ10 ሰው። አንድ ቁራጭ 100 ግራም ገደማ ይሆናል ማለት ነው። ኬክ ቤቱም 6 ኪሎ ያለሽ በዚሁ ሒሳብ ነው፣ ውሸት አይደለም። ግን 60 ሰው ጠራሽ ማለት 60 ሰው ኬክ ይበላል ማለት አይደለም። የሚድሁትን 5 ልጆች አውጫቸው። «ስኳር ከልክሎኛል» የሚሉ ትልልቅ ሰዎች አሉ፣ አውጫቸው። የሚቀሩም አሉ። በሌላ በኩል ሳይጠሩ የሚመጡ የጎረቤት ልጆች አሉ፣ እነሱን ጨምሪ። እኔ ቤት ሁሌ የሚደርሰው ከጠራሁት ሦስት አራተኛው ነው። 45 ቁራጭ ያዢ፣ 4 ኪሎ ተኩል።

ቢተርፍ ይሻላል፦
6 ኪሎውን ውሰጂ። እንግዳ ጠርቶ ኬክ ከማጠር የባሰ ውርደት የለም። የተረፈውን ለጎረቤት ትልኪዋለሽ፣ አለቀ!

የአንድ ዓመቱ እናት፦
@ቢተርፍ ይሻላል፣ ለክርስትናው እንደዛ ብዬ ነው እኮ ሳምንት ሙሉ ኬክ የበላሁት 😂 ጎረቤቶቼም ሦስተኛው ቀን ላይ «በቃን» አሉ።

ኢንጂነሩ፦
ኪሎ ብቻ አትጠይቁ። ኬክ የሚቆረጠው በስፋቱ ነው። ከባድ ክሬም፣ ፍራፍሬ ወይም ፎንዳንት (እንደ ሊጥ ተዳምጦ ኬኩን የሚሸፍነው ስኳር) የተጫነበት ኬክ ኪሎው ይጨምራል፣ ቁራጩ ግን አይጨምርም። ፎንዳንቱን ደግሞ ልጆቹ እራሳቸው ልጠው ሳህን ላይ ነው የሚተዉት። ስለዚህ ስትደውዪ «ክብ ነው ወይስ አራት ማዕዘን? ወርድና ቁመቱ ስንት ሳንቲም ነው?» በያቸው።

ክብ ኬክ ላይ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። ባለ 20 ሳንቲሙ ክብ የላዩ ስፋት 314 ካሬ ሳንቲም ገደማ ነው። ባለ 30ው ደግሞ 707። መሀል ለመሀል ሲለካ የ10 ሳንቲም ልዩነት ነው፣ ኬኩ ግን ከእጥፍ ይበልጣል። አራት ማዕዘን ከሆነ ሒሳቡ ይቀላል። 30 በ40 የሆነውን 5 በ5 አድርገሽ ብትቆርጪ 6 በ8፣ 48 ቁራጭ ይወጣል። ሁሉም እኩል፣ የማንም ልጅ «የሱ ይበልጣል» አይልም።

ከቨርጂኒያ፦
ኢንጂነሩ ልክ ነው። እዚህ ጭራሽ በኪሎ የሚሸጥልን የለም፣ በኢንች ነው። ግማሽ ሺት የሚሉት አለ፣ አብዛኛውን ጊዜ በእናንተ ልክ 30 በ45 ሳንቲም ገደማ ነው፣ 5 በ5 ሲቆረጥ 54 ይወጣዋል። እኛ ሐበሾች ደግሞ ከምግብ በኋላ ስለሆነ የምንቆርሰው ቁራጩ እያነሰ እያነሰ ይሄዳል። መጀመሪያ የደረሰው ትልቅ ይወስዳል፣ መጨረሻ ያለው ቅምሻ ነው የሚደርሰው። አንድ ሰው ብቻ ይቁረጥ፣ እጁ እኩል የሆነ። እኛ ቤት ታላቅ ወንድሜን ከልክለነዋል።

ዝም ብዬ አላልፍም፦
ሰዎች፣ ማንም ያላየው ነገር አለ። ኅዳር 20 ብላለች። ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ይገባል እኮ! የልደቱ ማግስት ደግሞ ኅዳር ጽዮን ናት። ቅቤና እንቁላል ያለው 6 ኪሎ ኬክ አቅርበሽ ግማሹ እንግዳ «ጾም ነኝ» ሲልሽ ምን ልታደርጊ ነው?

የአንድ ዓመቱ እናት፦
ወይኔ!!! በእመቤቴ ረስቼዋለሁ። ምግቡን እናቴ በያይነቱ ነው የምትሠራው፣ ዓሣ የሚበላም ስላለ ዓሣ ጨምረናል። ስለ ኬኩ ግን ማንም አላሰበም። ባለቤቴ ብላክ ፎረስት ካልሆነ እያለ ነው የሰነበተው። አሁን ሁለት ኬክ ልዘዝ ማለት ነው? ወጪው አይበዛም?

የቤት ጋጋሪዋ፦
እህቴ አትደንግጪ፣ ቤቴ ውስጥ ኬክ እየጋገርኩ የምሸጥ ነኝ፣ ይሄ በየዓመቱ የሚያጋጥም ነገር ነው። መጀመሪያ እንግዶችሽን ለሁለት ክፈያቸው። የሚጾሙት ስንት ናቸው? ከሰባት ዓመት በላይ የሆኑትን ልጆችም አትርሺ፣ ብዙ ቤት በዛ ዕድሜ ነው ጾም የሚያስጀምሩት። ሙስሊም፣ ፕሮቴስታንትና ጭራሽ የማይጾም እንግዳ ካለሽ ወደ ፍስኩ አስገቢያቸው። ቁጥሩን እዚህ ጻፊውና እናሰላልሻለን።

ስታዝዢ የጾም ኬክ ሲሉሽ ስሙን ብቻ አትመኚ። ሊጡ ላይ ችግር የለም፣ በቅቤ ፋንታ ዘይት፣ በእንቁላል ፋንታ ሶዳና ኮምጣጤ ነው የሚያነሳው። ጉዱ ያለው ክሬሙ ላይ ነው። «ከአትክልት ዘይት የተሠራ» ተብሎ የሚሸጥ ክሬም ሁሉ ጾም አይደለም፣ አንዳንዱ ውስጥ ከወተት የሚወጣ ካዜይኔት የሚባል ነገር አለ። የዱቄቱን ክሬምም ብዙ ሰው በወተት ነው የሚመታው፣ ለጾም በቀዝቃዛ ውኃ መመታት አለበት። በግልጽ ጠይቂያቸው። ተንተባትበው ከመለሱልሽ ክሬሙን ተይውና ላዩ ላይ ማርማላታ ወይም ፍራፍሬ አስደርጊ።

ሌላው፣ እንቁላል ስለሌለው የጾም ኬክ ሲቆረጥ ይፈረፈራል። ባለ ሁለትና ሦስት ፎቅ አታሠሪው። ዝቅ ያለ አራት ማዕዘን ይሻላል።

የአንድ ዓመቱ እናት፦
ከባለቤቴ ጋር ቁጭ ብለን ቆጠርን። ከ35ቱ አዋቂዎች 20ው ጿሚ ናቸው። ከልጆቹ 6ቱ ይጾማሉ። ስለዚህ ጾም 26። ፍስክ ደግሞ 15 አዋቂና 14 ልጅ፣ 29። 5ቱ የሚድሁት ከሒሳቡ ወጡ። ለሁለቱም 3፣ 3 ኪሎ ላድርገው? ያው 6 ኪሎ መጣ እኮ!

የሦስት ልጆች እናት፦
አይ አይ፣ እኩል አታድርጊው። አስቢው እስቲ፣ የጾሙን ኬክ ማንም ይበላዋል። ፍስኩን ግን ጿሚ አይነካውም። የጾሙ ቢያጥር መውጫ የለሽም፣ ፍስኩ ቢያጥር ግን የጾሙን ትሰጫቸዋለሽ። ስለዚህ እርግጠኛ ያልሆንሽበትን ሁሉ ወደ ጾሙ አዘንብዪው። ፍስኩ ትንሽ ክብ ይሁን፣ ሻማው እሱ ላይ ይሰካ፣ ፎቶውም በሱ ይነሳ፣ ባለቤትሽም ብላክ ፎረስቱን ያግኝ። የጾሙ አራት ማዕዘን ሆኖ ጓዳ ውስጥ ቀድሞ ይቆረጥ። ልጆቹ እንደሆኑ ሻማው ከጠፋ በኋላ የትኛው ቁራጭ እንደደረሳቸው አይለዩም።

ቢተርፍ ይሻላል፦
ታዲያ ሁሉንም ጾም አድርጎ መገላገል አይሻልም?

የሦስት ልጆች እናት፦
ይሻላል፣ ወጪም ይቀንሳል። ግን ባልየው ብላክ ፎረስት ብሏል፣ ትዳር ደግሞ አለ 😄

ኢንጂነሩ፦
ሒሳቡን ልዝጋላችሁ። ከ55ቱ የሚበሉ፣ የሚቀሩትንና «ድፎ ይበቃኛል» የሚሉትን ስናወጣ፣ ያልተጠሩትን ልጆች ስንጨምር 45 አካባቢ እንያዝ። ፍስክ ክብ 25 ሳንቲም፣ ቁመቱ 8 ሳንቲም ቢሆን 2 ኪሎ ገደማ ይመጣል፣ 20 ቁራጭ። እንደ ፒዛ ከመሀል ወደ ዳር አትቁረጪው፣ አንዱ ቀጭን አንዱ ወፍራም ይሆናል። ከዳሩ 5 ሳንቲም ገባ ብለሽ ውስጡ ሌላ ክብ ቁረጪ። የውጪውን ቀለበት መጀመሪያ እየቆራረጥሽ አድዪ፣ የቀረችውን ትንሽ ክብ በመጨረሻ። የጾሙ 3 ኪሎ አራት ማዕዘን፣ ወደ 30 ቁራጭ። ሲደመር 5 ኪሎ፣ 50 ቁራጭ። አምስቱ መጠባበቂያ ነው።

የድፎ ወገን፦
ድፎውን ለምን እንደ ጌጥ ታዩታላችሁ? ድፎ ወተትም እንቁላልም ስለሌለው ጾም ነው። ቅቤ እንዳትቀቡት ብቻ። ትልልቆቹ ሰዎች ላይ የሚፈጥነው እሱ ነው። ኬኩን አንድ ጊዜ ይቀምሱና ይተዉታል፣ ድፎውን ግን ከቡናው ጋር ሁለት ጊዜ ይጠይቃሉ። እናትሽ አንድ ትልቅ ድፎ ከደፋች ቢያንስ 10 ቁራጭ ኬክ አተረፈችልሽ። ቆራሹ ሽማግሌ ግን ምርቃቱን እንዳያረዝም፣ ልጆች ኬኩን እያዩ አይችሉም።

የቤት ጋጋሪዋ፦
5 ኪሎ ጥሩ ነው። ጥቂት ነገር ልጨምር።

ሲመዘን ከነጣውላው ወይስ ያለ ጣውላው እንደሆነ ጠይቂ። እኔ አንድ ጊዜ ለራሴ እህት ሠርግ ካዘዝኩት ኬክ ላይ ወፍራም የእንጨት ጣውላ ወጥቶ ስንስቅ ነው ያመሸነው። ስሙን ደግሞ በስልክ አትንገሪያቸው፣ ጽፈሽ ላኪላቸው። «መልካም ልደት» የሚለው «መልካም ልጀት» ሆኖ የመጣባት ደንበኛ አውቃለሁ።

ቢላዋ ሁለት ይሁን። በፍስኩ ቢላዋ የጾሙን ቆርጠሽ እንዳትሰጪ፣ የሚያዩ አይኖች አሉ። የጾሙን የምትቆርጪበትን ውኃ ነካ እያደረግሽ፣ እንዳይፈረፈር።

ከመኪና ውስጥ ጭንሽ ላይ አትያዢው፣ ጭን ዘመም ያለ ነው። መኪናው ወለል ላይ ጠፍጣፋ ቦታ አስቀምጪው፣ ሹፌሩን ጉብታ ላይ ቀስ እንዲል ለምኚው። 4ኛ ፎቅ ነው ያልሽው፣ ሊፍት ከሌለ ሁለት ሰው ይያዘው። ከመግዛትሽ በፊትም የፍሪጅሽን መደርደሪያ ለኪ። የ30 በ40 ሳጥን ብዙ ፍሪጅ ውስጥ አይገባም። ኅዳር ማታ ቅዝቃዜ ስለሆነ ለአንድ ሌሊት በረንዳው አጠገብ ጥላ ቦታ ሊቆይ ይችላል፣ ክሬም ያለው ከሆነ ግን ጠዋት ብታመጪው ይሻላል።

የአንድ ዓመቱ እናት፦
ተባረኩ። አዘዝኩ። ፍስክ ብላክ ፎረስት 2 ኪሎ ክብ፣ የጾም 3 ኪሎ አራት ማዕዘን፣ ክሬሙ ጠፍቶ ማርማላታ ሆነ። ስለ ጣውላው ስጠይቃቸው ልጅቷ ትንሽ ዝም ብላ «ያለ ጣውላው ነው» አለችኝ። የመጣው ይምጣ።

የአንድ ዓመቱ እናት፦
ልደቱ አለፈ፣ ልንገራችሁ ብዬ ነው። 52 ሰው መጣ፣ ያልጠራኋቸው 4 ልጆች ጨምሮ። ያለቀው ቀድሞ የጾሙ ነው! የማይጾሙትም እየመጡ «ይሄኛው አይጣፍጥም ወይ» እያሉ ወሰዱት። ሁለት ልጆች ዘግይተው ደርሰው ፍስኩን ሰጠኋቸው። ከብላክ ፎረስቱ 6 ቁራጭ ተረፈ፣ ድፎው ግን ፍርፋሪ አልቀረውም። ልጄ ሻማውን ሳይሆን ክሬሙን በሙሉ እጁ ጨበጠው፣ ፎቶው አለ።

እናቴና ባለቤቴ ግን አሁንም እየተከራከሩ ነው። እሷ 3 ኪሎ ብያለሁ ትላለች፣ እሱ 2 ኪሎ ብያለሁ ይላል። ስትደምሩት 5 ነው፣ ሁለቱም እኔ ነበርኩ ልክ ባይ ናቸው።